የታጠበው ቅል

አገኘሁሽ የመግፊያውን ቅል ክዳን አነሳች። ወተቱ አሁንም እንደ ውሃ ነው። ነቅነቅ አድርጋ አሸተተችው። የለመደችው የእርጎ ሽታ የለም፤ እርጥብ ጨርቅ እርጥብ ጨርቅ ይላል። ከደነችው። ደጅ ወጥታ ወደ ይፋግ የሚወስደውን መንገድ አየችና ተመልሳ እንደገና ከፈተችው።

«ብታፈጥጪበት አይረጋም» አለች አሲያ። ወረታ ገበያ ሱቅ ያላቸው የአቶ ኢሳቅ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ደጃፉን ተደግፋ ሸንኮራ ትግጣለች።

የአገኘሁሽ እናት ገላነሽ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ይፋግ ሄዳለች፤ ነገ ትመለሳለች። ከነገ ወዲያ የሚካኤል ማኅበር ተራው የእነሱ ነው፤ በዚህ ቤት ደግሞ ማኅበር ያለ አይብ ተደርጎ አያውቅም። ስትሄድ፣ «ወተቱን እያጠራቀምሽ አርጊልኝ፤ ቅሉን እንዳለ ተይው» ብላ ነበር።

እንዳለ አልተወችውም። ከጎንደር የመጣ የጤና ድሬሰር ትምህርት ቤታቸው ቆሞ፣ የውሃ ዕቃ በፈላ ውሃ ካልታጠበ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይራቡበታል አላቸው። እቤት ስትገባ በቅሉ ውስጥ የተጋገረውን ቢጫ እርጎ አየችና ቀፈፋት። በአሸዋ ፈተገችው፤ ውሃ አፍልታ ለቀለቀችው፤ ከዚያ እንደ እናቷ በወይራ አጠነችው። ላሟ ያችው ላም ናት፣ ጭሱም ያው ጭስ፣ ቅሉ የተሰቀለበትም ቦታ አልተለወጠም። የጎደለው ያ ቢጫ ነገር ብቻ ነው።

አሲያ ከመቀነቷ ሎሚ አወጣች። «አክስቴ ቱርኪያ እንግዳ ሲቸኩልባት እንዲህ ነው የምታደርገው። የዛሬውን ወተት ጣጂው።»

ጣዱት። ሲሞቅ አሲያ ሎሚውን ጨመቀችበት፤ ወተቱ ወዲያው ተቆራርጦ ነጭ ጓል በአረንጓዴ አጓት ላይ ተንሳፈፈ። አገኘሁሽ በጨርቅ አጥልላ ቀመሰችው። ጥርስ ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። ኮምጣጣነቱ የሎሚ እንጂ የእርጎ አይደለም።

«ጤናዳምና ኮሰረት ጣል አድርጊበት፤ ማን ይለየዋል?» አለች አሲያ።

«ቅቤውስ?»

«የምን ቅቤ?»

«እርጎ ሲገፋ መጀመሪያ ቅቤ ይወጣል። አይብ የሚሆነው የተረፈው አሬራ ነው። እማ ገና ሳትቀመጥ ነው ቅቤውን የምትጠይቀኝ።»

«ድመት በላችው በያት።»

«ያን ሁሉ?»

«እንግዲያው በብርዱ አሳብቢ። በጥቅምት ብርድ ወተት አልረጋ አለ ብትያት ማን ይከራከርሻል?»

እውነትም ማንም አይከራከራትም። አገኘሁሽ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሳች። የብርዱ ሰበብ ለነገ ይበቃል። ሙቀት ሲገባስ? ያ አጥባ የጣለችው እርጎ ወተቱን የሚያረጋው እርሾ ነበር፤ እናቷ ስታገባ ከወላጆቿ ቤት በዚሁ ቅል ይዛው የመጣችው። ሌላ ቦታ የሚገኘው አጥሩን ተሻግሮ እትዬ ንግሥቲ ቤት ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ቅላቸው ሲሰበር እናቷ ቀንሳ ሰጥታቸዋለች። አሁን ግን የእትዬ ንግሥቲ ጥጃ የእነ አገኘሁሽን ጓያ ከማሳው ከበላ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ሰላም አይባባሉም።

«እሳቸው ጋ ከሄድሽ እናትሽ ትገድልሻለች» አለች አሲያ፣ ዓይኗን ተከትላ አጥሩን እያየች።

«አውቃለሁ።» አገኘሁሽ የሎሚውን አይብ በሳህን አድርጋ ሰጠቻት። «እንኪ፣ እናንተው ብሉት።»

«ነገ ደግሞ ሳህኔን አምጪ እንዳትዪኝ» አለች አሲያ እየተቀበለች።

ያልረጋውን ወተት ለውሻው ደፋችና ቅሉን ታቅፋ ወጣች። እትዬ ንግሥቲ ጥጃ እያሰሩ ነበር። ቅሉን ሲያዩ ገመዱ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም አልላከኝም፣ እትዬ። የእማን ቅል በፈላ ውሃ አጠብኩት።»

ሴትዮዋ ተቀብለው አፍንጫቸውን ወደ ቅሉ አፍ አስጠጉ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ነገ ስትመጣ እነግራታለሁ። እርሾውን ማን እንደሰጠኝም ጭምር።»

«እኔ መቼ እሰጥሻለሁ አልኩ?»

እትዬ ንግሥቲ ገመዱን አስጨበጧትና ቅሉን እንደያዙ ወደ ቤት ገቡ። ጥጃው ወደ እናቱ ይጎትታታል፤ እሷ እግሯን ተክላ ያዘችው። ከውስጥ የቅል ክዳን ሲከፈትና ከቅል ወደ ቅል እርጎ ሲቀዳ ሰማች።