«ለማንኛውም» የተባለው ፋይል

ልጅን «አትዋሺ» እያለች ያሳደገች ሴት፣ በስተርጅናዋ «ዋሺ» ብላ የምትመክረው ምን ነክቷት ነው? ይህን ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ልጅ ያላችሁም፣ የሰው ሥራ በእጃችሁ ያለም ብትሰሙት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

የልጅ ልጄ በአንድ የዓይን ሕክምና ጣቢያ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። እኔ ስላሳደግኋት «እማዬ» ነው የምትለኝ፤ እኔም «ልጄ» ነው የምላት። ሥራዋን ደጋግማ አስረድታኛለች፤ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ሕመምተኞች የቀጠሮ ቀናቸውን በስልካቸው የሚያዩበት ድረ ገጽ አለ። ገጹን ለጠየቀ ሁሉ የሚያቀብለው ሰርቨር የሚባል ማሽን ነው። ማሽኑ የራሱ ሐሳብ የለውም። ሲነሳ በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉትን የሴቲንግ ፋይሎች ያነባል፤ አሳይ ያሉትን ያሳያል።

እሑድ ዕለት የጣቢያው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስመር ለመጠገን መብራት አጠፋ፤ ሲጨርስ መልሶ አበራ። ከዚያ ወዲያ ገጹ ያለፈውን ዙር ቀጠሮ ያሳይ ጀመር። በየሦስት ወሩ ከሩቅ የሚመጣው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማክሰኞ መጣ፤ ገጹ ግን እንደ ባለፈው ዙር ሐሙስ ይላል። ማክሰኞ ወረፋው ሲሳሳ ሠራተኞቹ «ዛሬስ ተገላገልን» ተባባሉ አሉ። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰው የታመመ ዓይኑን ይዞ መጣ። ሐኪሙ ሄዷል።

ኃላፊው ልጄን ጠርቶ ምን እንደተፈጠረ ቢጠይቃት፣ «መብራት እስኪጠፋ ድረስ ደኅና ይሠራ ነበር» አለችው። ውሸት አልነበረም። ኃላፊው ግን የሚፈልገውን አገኘ። «ያ ዝርክርክ የመብራት ሠራተኛ ማሽኑን አበላሽቶታል ማለት ነው! ነገ አምስት ሰዓት ላይ ሪፖርትሽን አምጪ፤ አሰናብተዋለሁ» አላት። እሷም እሺ ብላ ወጣች።

በማግሥቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ላፕቶፗን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከቤት ሆና ሰርቨሩን ትመረምር ጀመር። እኔ አጠገቧ ልብስ አጣጥፋለሁ። ገጹን አየች፤ ያው አሮጌው ነው። የማሽኑን መዝገብ አነበበች፤ ብልሽት የለም። ሴቲንጉን ከፈተች፤ ትክክል ነው። «ይገርማል» ትላለች፤ መልሳ ታነባለች፤ ጥፍሯን ትበላለች።

«ተይ እስቲ ጥፍርሽን! መብራት ያጠፋው ሰውዬ ነው ተብሎ የለም እንዴ?» አልኳት።

«እማዬ፣ መብራት ቢጠፋ ቀን አይለወጥም። ማሽኑ ይሄን ቀን የሆነ ቦታ አንብቦታል።»

ከዚያ ፎልደሩን ከፈተችና ክው አለች። ከአዲሱ ፋይል በላይ ሌላ ፋይል ተቀምጧል። ስሙ «ለማንኛውም» ይላል።

«ማን ነው ያስቀመጠው?»

«እኔ።»

ከሁለት ወር በፊት ሴቲንጉን ስትቀይር፣ አዲሱ መሥራቱን ካየች በኋላ፣ «ምናልባት ቢያስፈልግ» ብላ የአሮጌውን ቅጂ እዚያው ፎልደር ውስጥ መልሳ አስቀምጣ ነበር። ማሽኑ ስላልጠፋ አዲሱን እንደያዘ ቀጠለ። ጠፍቶ ሲነሳ ግን ሁለቱንም አነበበና ከላይ ያገኘውን ያዘ። እኔስ በመድኃኒቴ ነው የገባኝ። ሐኪም የቀየረልኝን አሮጌ ኪኒን ከአዲሱ ጋር በአንድ ዕቃ ባስቀምጥ፣ መነጽሬን ያላደረግሁ ቀን የቱን እንደምውጥ አስቡት!

«አጥፍቼ ባስነሳው ኖሮ ያኔውኑ ይታየኝ ነበር» አለች ግንባሯን ይዛ። «አምስት ደቂቃ አይፈጅም እኮ! ለማንም አልተናገርኩ፣ የትም አልጻፍኩ።»

የማጣጥፈውን ልብስ አስቀመጥኩ። ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ፋይሉን ሰርዢው። ሰርዢውና ዝም በይ። ማን ያየዋል?» አልኳት።

«ሰውዬውስ?»

«እሱ ስንት ዓመት የሠራ ባለሙያ ነው፤ ሌላ ቦታ ይቀጠራል። አንቺ ከገባሽ ገና ሰባት ወርሽ ነው። ዝም አይነቅዝም ልጄ።»

«ትንሽ ሆኜ የጎረቤት ብርጭቆ ሰብሬ ድመቷ ናት ስል፣ ጆሮዬን ይዘሽ ይቅርታ ያስጠየቅሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ያ ብርጭቆ ነው!»

«አዎ» አለች። «ያ ብርጭቆ ነበር።»

ወደማጣጥፈው ልብስ ተመለስኩ። እሷ ግን አሮጌውን ፋይል ከፎልደሩ አወጣች፤ ማሽኑን እንደ አዲስ አስነሳችና ትክክለኛው ቀን መምጣቱን በእኔ ስልክ ጭምር አረጋገጠች። ከዚያ ሪፖርቱን ከፍታ፣ አንድ ቃል ሳትጽፍ፣ ባዶውን ገጽ ታይ ጀመር።

በዚህ መሐል በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ከአሥራ አንዱ ሰዎች አንዷ። መርፌና ክር ይዛለች።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ልጅቷ ይችን ክር ታስገባልኝ ብዬ ነው። ቀዳዳው ሁለት ሆኖ እየታየኝ፣ የቱን እንደምወጋ እንጃ!» ብላ ሳቀች። «እንግዲህ ሦስት ወር በዳበሳ ልሰፋ ነው። የሰው ቀሚስ አንገቱ ላይ ዘግቼ እንዳልሰጥ ጸልዩልኝ።»

ልጄ መርፌውን ተቀበለቻት።

«ያ መብራት ያጠፋው ሰውዬ ነው አሉ ጉድ የሠራን» ቀጠለች ሴትዮዋ። «እጁ ይሰበር!»

«አሜን» አልኩ። አምላክ ይቅር ይበለኝ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

የልጄ እጅ ክሩን እንደያዘ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ገጹን ያበላሸሁት። እሱ መብራት ብቻ ነው ያጠፋው። የተሳሳተውን ፋይል እዚያ የተውኩት እኔ ነኝ።»

ዘልዬ በነገሩ ገባሁ። «ልጅ ናት እኮ፤ ሥራ በዝቶባት፣ ደክሟት...»

«ይቆዩ እትዬ» አለችኝ ልብስ ሰፊዋ። ሳቋ ጠፍቷል። ደኅናውን ዓይኗን ወደ ልጄ አዞረች። «ሰውዬው ያውቃል?»

«አያውቅም። አምስት ሰዓት ላይ ሊያባርሩት ነው።»

ሴትዮዋ ዓይኗን አጥብባ የግድግዳውን ሰዓት ለማየት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ከሩብ» አልኩ እኔ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለች?»

ያን ጊዜ አፈርኩ። አሥራ አንዱን ሰው የጎዳው አንድ የተረሳ ፋይል ነው። አሥራ ሁለተኛውን ግን ልጎዳው የነበርኩት እኔው ነኝ፣ ያውም አውቄ። እናንተ ወጣቶች፣ ስትቀይሩ የቀየራችሁትን ጻፉ፤ አጥፍታችሁ አስነስታችሁ ሞክሩ፤ በሰው ከማሳበባችሁ በፊት የገዛ እጃችሁን ሥራ እዩ። እኛ አሳዳጊዎች ደግሞ ልጅን ከተጠያቂነት መደበቅ መጠበቅ እንዳልሆነ እንወቅ። ከኋላችን የሚከፍል ሌላ የሰው ልጅ አለ።

ልጄ ሪፖርቱ ላይ የጻፈችው፣ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን የሚናገር አራት መስመር ብቻ ነው። ከዚያ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርሳ አስገባችና መርፌውን በሴትዮዋ መዳፍ ላይ አኖረች። ላፕቶፗን ዘግታ ቦርሳዋን አነሳች። ሌላ ጊዜ «ስትደርሺ ደውዪ» ሳልል አልሸኛትም ነበር፤ ያን ቀን ከመንገዷ ዞር አልኩላት። በሩን ከፍታ ወደ ጣቢያው ሄደች።