የቀጥቃጩ ልጅ በፖታላ ደረጃ ላይ

ያንግዞም ላሳ እስክትገባ ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ተንገላታለች። ተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ የጸሎት ወረቀት በመስኮት ሲበትን እሷ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። የተናደደ ሰው ምን ብሎ ይጸልያል?

ከዓመት በፊት ንጎዱፕ የሚባል የላሳ ሹፌር የጭነት መኪናው ተሰብሮበት አባቷ ደጅ ቆመ። አባቷ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። መኪናው በሁለት ቀን ተጠገነ፤ ንጎዱፕ ግን ሳምንት ቆየ። ከዚያ ወዲህ ጭነት ኖረውም አልኖረውም በዚያ መንገድ ማለፍ አበዛ።

«ለዘመን መለወጫ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። አመነችው።

ሽማግሌው ቀረ፤ ወሬ መጣ። እናቱ «የቀጥቃጭ ልጅ የጠጣችበት ጽዋ ከንፈሬን አይነካም» ብለዋል አሉ። እንዲህ ያለውን ስትሰማ ነው ያደገችው። ያንገበገባት የእሱ ዝም ማለት ነበር።

ንጎዱፕ እዚያ ነው ብለዋት ፖታላ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት፣ ስትደርስ ዓመታዊው የኖራ ቅብ ነው። ሕዝቡ ወተትና ማር የገባበትን ኖራ በባልዲ እየረጨ ግድግዳውን ያነጣል። ደረጃውን ሳታርፍ ወጣች። ንጎዱፕ እስከ ቅንድቡ ኖራ ለብሶ ቆሟል፤ እናቱ አጠገቡ ወተት ይጨምራሉ።

«ያንግዞም! መቼ መጣሽ?»

«ምላስህን ማን ቆረጠው?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! መኪናህ ሲሰበር የአባቴ እጅ ንጹሕ ነበር። ለጋብቻ ሲሆን ረከሰ?»

እናቱ ቀና አሉ። «ይቺ ናት? አንቺ ልጅ፣ ከተቀደሰ ቦታ ውረጂ!»

«የዚህን ቤት በሮች የያዘውን ብረት ማን የቀጠቀጠው ይመስልዎታል፣ እማማ? እሱንም ያውርዱታ!»

በዙሪያቸው የነበረው ሰው ባልዲውን አስቀመጠ። ንጎዱፕ እናቱን አየ፤ እሷን አየ፤ አንገቱን ደፋ። ያንግዞም ጀርባዋን ሰጥታ መውረድ ጀመረች።

«እማዬ» ሲል ሰማች ከኋላዋ። «የማገባት እሷን ነው።»

«ከቤቴ አትገባም!»

«እንግዲያው እኔም አልገባም።»

እናቱ ባልዲያቸውን አንስተው ወደ ላይ ወጡ።

እየሮጠ ደረሰባት። እጇን ሊይዝ ሲል መነጨቀችው።

«አሁንም ተናድጃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ገና ብዙ እናደዳለሁ።»

«ተናደጂ። ብቻ አጠገቤ ሆነሽ ተናደጂ።»

በማግስቱ በመኪናው ወደ አባቷ ቤት ይዟት ሄደ፤ ሽማግሌ አልላከም። አባቷ በር ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እናትህስ?»

«እምቢ ብለዋል።»

«አንተስ?»

«ዘግይቼ ነው እንጂ፣ መጥቻለሁ።»

ከበሩ ገለል አሉለት። ያንግዞም ግን ያን ቀን አላናገረችውም፤ በማግስቱም። የሳቀችለት በሦስተኛው ቀን ነው።