ጣሪያ ላይ የምትጨፍረው ልጅ

«ይህን ያህል አስጠላሽ?» አለኝ ካሜራማኑ፣ ገና ሰላም እንኳ ሳንባባል።

የቀረጸው ቪዲዮ እየታየ እኔ ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር። ንቀት መስሎታል። ሥራዬ ተመልካቾቹን ማየት እንደሆነ፣ ጥናቱን ሳላስረክብ ቪዲዮውን ካየሁት ግን የራሴን ስሜት በእነሱ ፊት ላይ እንደማነብ ዝግ ባለ ድምፅ አስረዳሁት። አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። «እኔ ደግሞ ሳንተዋወቅ ተኳረፍን ብዬ» አለ።

ድርጅታችን የተቀጠረው ያ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ቪዲዮ ለማን ቢቀርብ እንደሚወደድ እንዲያጠና ነበር። ወጣቶች በቡድን በቡድን እየመጡ ጠባቧ ክፍላችን ውስጥ ይቀመጣሉ። ድምፅ ማጉያው ደረት እስኪመታ ይጮኻል። እኔ ማን እግሩን እንደሚያንቀሳቅስ፣ ማን ስልኩን እንደሚነካካ እከታተላለሁ። ካሜራማኑ መምጣት አይጠበቅበትም ነበር፤ ግን በየቀኑ ይመጣል። ወንበር ስደረድር ያግዘኛል፤ ውሃ ይዞልኝ ይመጣል፤ ስንጨርስ ደረጃውን አብረን እንወርዳለን። ብዙ አናወራም። ዝምታው ግን አይከብድም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ልጃገረዶቹ ሲመጡ ነው። ወንዶቹ ስለ ምቱ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ልጃገረዶቹ ግን ሙዚቃው ረገብ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ሁሉም ጸጥ አሉ። ምን እንዳዩ ስጠይቃቸው፣ ጣሪያ ላይ ብቻዋን ስለምትጨፍር ልጅ ነገሩኝ። ከመጣች ጀምሮ ማስቲካ ስታኝክ የነበረች አንዷ ማኘኳን ተወት አድርጋ፣ «እህቴ፣ ይቺን ልጅ የቀረጻት ሰውዬ ይወዳታል። ያስታውቃል» አለች። ሌሎቹም በሳቅ ደገፏት።

እንደ ደንቡ ጻፍኩት። ቀና ስል ካሜራማኑ ከክፍሉ ወጥቷል።

ከዚያ ወዲያ የመጡት ሴቶች ሁሉ ያንኑ በየራሳቸው አፍ ነገሩኝ። ስለ ጸጉሯ ሲያወሩ የራሴን እነካለሁ። ሳቋን ሲያደንቁ የእኔው ይጠፋል። ዞር ብዬ ባያት ባረፍኩ፤ ግን አልዞርኩም። ያመጣልኝን ውሃ ሳልጠጣ መተው፣ ደረጃውን ቀድሜው መውረድ ጀመርኩ። ለታላቅ እህቴ ብነግራት፣ «አንቺ ልጅ፣ ባላየሻት ሴት ነው የምትቀኚው? መጀመሪያ እያት፤ ከዚያ በደንብ ትቀኛለሽ» ብላ አላገጠችብኝ።

ሪፖርቱን ለመጻፍ ስቀመጥ የልጅቷን ነገር በአንድ መስመር ላሳንሰው እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ቪዲዮው ለወጣት ሴቶች እንዲቀርብ፣ የጣሪያው ትዕይንት ቢረዝም እንጂ እንዳይቆረጥ ጻፍኩ። ምክንያቱንም ጨመርኩበት፦ ካሜራውን የያዘው ሰው እንደሚወዳት ያምናሉ።

ካሜራማኑ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ስክሪኑ ፊት ለፊት ወንበር ሳበልኝ። «እንግዲህ ሥራሽን ጨርሰሻል። እያት።»

አየኋት። ቆንጆ ነበረች። ከቁንጅናዋ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ካሜራው እሷ ጋ ሲደርስ ቀስ ማለቱ ነው፤ እንዳትሰማው የሚጠነቀቅ ይመስላል።

«ውሸት ነው አልልሽም» አለኝ። «ያኔ እወዳት ነበር። ቀረጻው ሳያልቅ ተለያየን። ልጆቹ ሲነቁብኝ አፈርኩ፤ ያውም አንቺ ፊት።»

«አሁንስ?»

«በየቀኑ እዚህ የምመጣው ቪዲዮዬን ላይ ይመስልሻል? በቃሌ ይዤዋለሁ እኮ።»

ልጅቷ ካስከፋችኝ ዛሬውኑ ከቪዲዮው ቆርጦ እንደሚያወጣት ነገረኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ የምሩን ነበር። ደስ አለኝ፤ መደሰቴም አሳፈረኝ።

«ተዋት» አልኩት። «ሴቶቹ የሚያዩልህ ለእሷ ብለው ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እቀናለሁ። ልመደው።»

ቪዲዮው ልጅቷን እንደያዘ ወጣ። እኔና ካሜራማኑም በሚቀጥለው ዓመት ተጋባን።