የዘጠኝ ሰዓቷ ብርጭቆ

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። እኔም ራሴ እንዳየሁት ባልጽፈው ኖሮ አላምነውም ነበር።

አጋንኜ እንዳልነግራችሁ ደግሞ ማጋነን አልችልበትም። የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። እንጀራዬ መለካት ነው።

የሆነው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። መስኮቱ ክፍት፣ መጋረጃው ተሰብስቦ...

ቤት ውስጥ ሁለት ነን። እኔና ታላቅ እህቴ። እትዬ ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎን ጥግ ላይ ባለችው በእግር በምትረገጥ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ትውላለች። እኔን "ሚዛን" ትለኛለች። ስሙን ያወጣችልኝ እማዬ ናት፤ በልጅነቴ ዳቦ ሲቆረስ በማስመሪያ ለክቼ እኩል ካልሆነ ስለማለቅስ።

እማዬ ካረፈች አሥራ አንድ ወር ሆኗል።

ስለ እሷ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

ልቧ ደክሞ ነበር። ሰውነቷ ውሃ ይቋጥራል። ሐኪሙ "በቀን ከአንድ ሊትር በላይ አንድ ጠብታ እንዳትጨምሩላት" አለን። መለካቱ የእኔ ሥራ ሆነ። በቀን አራት ብርጭቆ። የጠጣችውን ሁሉ አልጋዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ወረቀት እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለምገባ የዘጠኝ ሰዓቷን ብርጭቆ ከኪኒኗ ጋር የምትሰጣት እትዬ ነበረች።

ጠዋት ጠዋት የእማዬን ቅልጥም በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓድ ይቀራል። እስኪሞላ እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩንም እዚያው ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሰውነቷ ውስጥ ያለው ውሃ ጨምሯል ማለት ነው።

መጀመሪያ አሥር ነበር። ከዚያ ሃያ... ሠላሳ... አርባ።

በመጨረሻው ጠዋት እስከ ስልሳ ቆጠርኩ። ጉድጓዱ አልሞላም።

ወረቀቱ ላይ ግን በየቀኑ አንድ ሊትር ነው። አንድም ቀን አላለፈም።

ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። የሆነ ቦታ ተሳስቼ ለክቻለሁ። እናቴን በእጄ አሰጠምኳት... እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ወር እንቅልፍ አጣሁ።

እትዬ ጀርባዬን እያሻሸች ታጽናናኝ ነበር።

"አይዞሽ ሚዛንዬ። ሰው አይደለሽ? ሰው ይሳሳታል።"

ይህቺን ቃል ያዙልኝ።

ውሃው የጠፋው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጎረቤታችን ሬዲዮ በአጥር ላይ አንገቷን አሰገገች። ሬዲዮ የምንላት ወሬ ከሷ ቀድሞ የትም ስለማይደርስ ነው።

"ትልቁ መስመር ፈንድቷል አሉ። ሦስት ቀን ይፈጃል ብለዋል።"

"የነሱ ሦስት ቀን የኛ ሦስት ወር ነው" አለች እትዬ ከመኪናዋ ቀና ሳትል።

ደንብ አወጣሁ። በርሜሉ ለዕቃና ለገላ። ዕቃ ያለቀለቅንበት ለመጸዳጃ ቤት። ፊት ለመታጠብ አንድ ጣሳ፣ ከዚያ በላይ የለም። ነጩ ጀሪካን ለመጠጥ ብቻ። ውሃው በውጭ ስለሚታይ ጎኑ ላይ ወረቀት ለጥፌ በማስመሪያ መስመር አሰመርኩበት። አንድ ብርጭቆ ሲቀዳ ልክ አራት ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

"እስትንፋሳችንንም ለኪልንና ይለይልን" አለች እትዬ።

ሳቅን። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ቧንቧውን ስከፍተው አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ የተለመደ ነው፤ መስመር ባዶ ሲሆን ይስባል። ግን ሲስብ ቆይቶ ያቆማል... ከዚያ ሰው ሲውጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰማል።

አየር ነው ብዬ ዘጋሁት።

በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ጀሪካኑ አራት ሚሊ ሜትር ጎድሏል። እትዬ የጠጣችውን ሁሉ ነግራኛለች፤ ቀንሼዋለሁ። ይህ ከዚያ ውጪ ነው።

"እትዬ፣ ሌላ የቀዳሽው አለ?"

"የለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ምነው አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የገባሁት?"

በስድስተኛው ቀን አራት ሚሊ ሜትር። በሰባተኛው ስምንት።

በሰባተኛው ቀን ሌላም ነገር አየሁ። የእማዬ ክፍል በር እጀታ ላይ አቧራ የለም። አሥራ አንድ ወር የተቆለፈ በር...

በስምንተኛው ቀን እንደወትሮዬ ቦርሳዬን ይዤ "ሄድኩ" አልኳት። የግቢውን በር ከፍቼ በኃይል ዘጋሁት። ጫማዬን አውልቄ በጓሮ ዞርኩና ማድ ቤት ገብቼ ከበሩ ኋላ ቆምኩ።

የስፌት መኪናው ይሰማል። ታክ ታክ ታክ ታክ...

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆመ።

የነጠላ ጫማዋ ድምፅ መጣ። ጀሪካኑ ተከፈተ። ውሃ ወደ ብርጭቆ ወረደ። የነጠላ ጫማው ድምፅ ሄደ... ቁልፍ ዞረ።

ከዚያ ሹክሹክታ።

"ቶሎ ቶሎ በይ... ሚዛን ሳትመጣ።"



በባዶ እግሬ ሄጄ በሩን ገፋሁት።

እትዬ የእማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ትራሱ አዘንብላዋለች። ብርጭቆው ባዶ ነው።

ትራሱን ዳሰስኩት። ደረቅ። አንሶላው ደረቅ። ወለሉ ደረቅ።

"ውሃው የት ሄደ?"

አልደነገጠችም። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

"ጠጣችው።"

"ማን?"

"ለመነችኝ፣ ሚዛን። ቧንቧው ከደረቀበት ቀን ጀምሮ በግድግዳው በኩል ትለምነኛለች። ጠማኝ ትለኛለች። እምቢ ልበላት?" ብርጭቆውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ያኔም እምቢ አላልኳትም።"



"ያኔ... መቼ?"

ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

"እትዬ። ያኔ መቼ?"

"ሥራ ስትሄጂ። እንደ ሕፃን ነበር የምታለቅሰው። ምላሷ እየተሰነጠቀ... አንቺ ወረቀትሽን ነው የምታይው። እኔ ፊቷን ነበር የማየው።"

"በቀን ስንት ብርጭቆ?"

"አልቆጠርኩም" አለች። "ቆጣሪዋ አንቺ ነበርሽ።"

ተቀመጥኩ። ወለሉ ላይ።

ስለካ አልተሳሳትኩም። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። አሥራ አንድ ወር ጀርባዬን ስታሻሽ፣ አይዞሽ ስትለኝ፣ ሰው ይሳሳታል ስትለኝ... ታውቅ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እማዬ አስምላኝ ነበር። ሚዛን ከሰማች ትከለክለናለች አለችኝ።"

ሁለቱም። ሁለቱም በእኔ ላይ መክረው ነበር።

ከዚያ በኋላ አላናገርኳትም። ጀሪካኑን ወደ መኝታ ቤቴ ወሰድኩ። አሥር ሊትር ቀርቶታል። ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን አሸግኩ፤ ሥራ ቦታ ናሙና እንደማሽገው በላዩ ላይ ፈረምኩበት። ክፍሌን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ።

በማግስቱ ከሰዓት የውሃ ቦቴ መጣ ተባለ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁና ጀሪካን ወዳለበት ሰልፍ ወጣሁ። እትዬም ባልዲ ይዛ ተከተለችኝ። ሰልፉ መንገዱን ይዞ እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሷል። እሷ ከፊቴ፣ እኔ ከኋላዋ። አንድ አፍታ ከዓይኔ አልተለየችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ ቤታችን አቅጣጫ ዞረች። ከንፈሯ ደርቋል።

"ዛሬ ማን ይሰጣታል?" አለችኝ በቀስታ።



ተራችን ሳይደርስ የቦቴው ውሃ አለቀ። ባዶ ባልዲያችንን ይዘን ተመለስን። ክፍሌን ከፈትኩ። ቁልፉ ያልተነካ። ፕላስተሩ ያልተነካ። ፊርማዬ እንዳለ።

ጀሪካኑ ግን ባዶ ነበር።

ባዶ ብቻ አይደለም። ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል። ሰው የፕላስቲክ ጠርሙስ አፉ ላይ ደግኖ አጥብቆ ሲስብ ጠርሙሱ እንደሚጨማደደው...

ወለሉ ላይ አንድ ጠብታ የለም።

እትዬ ከኋላዬ ቆማ በትከሻዬ በኩል አየችው። "እኔ ስሰጣት በብርጭቆ ነበር የምትጠጣው" አለች።

በአሥረኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰፈሩ በጩኸት ተናወጠ።

"መጣ! ውሃ መጣ!"

ሬዲዮ አጥር ላይ ሆና ባልዲ ትደበድባለች። በየቤቱ ውሃ ሲንፎለፎል ይሰማል። የእኛን ከፈትኩት። ወደ ውስጥ ሳበ... ዋጠ... ሳበ... ዋጠ።

ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። በር ላይ ያለውን ቆጣሪ ከፍቶ ጎንበስ አለ።

"እህቴ፣ የከፈትሽው ቧንቧ አለ?"

"የለም። ሁሉንም አንድ በአንድ ዘግቻለሁ።"

"እንግዲያው ይህን እዪ።"

የቆጣሪው መርፌ እየዞረ ነው። ይዞራል... ይቆማል። ይዞራል... ይቆማል። እየተጎነጨ እንደሚውጥ ሰው።

ግቢውን አሰሰ። መሬቱ አመድ ነው። ምንም ፍሳሽ የለም።

"የሚገርም ነው! ቤታችሁ ይጠጣል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። መስመሩን ተከትሎ ሄደና የእማዬ ክፍል ጓሮ ላይ ቆመ። "በዚህ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ነገ መዶሻ ይዤ እመጣለሁ።"

ሲሄድ የእማዬን ክፍል ከፈትኩ። ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ።

ከአልጋው በላይ ያለው ግድግዳ አብጧል።

የረጠበ አይደለም። ቀለሙ አልተላጠም። አብጦ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። የእማዬ እግር በመጨረሻው ሳምንት ያብረቀርቅ እንደነበረው...

ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። እጄ ልማዱን ነው የሠራው።

አውራ ጣቴን ግድግዳው ላይ ተጫንኩ።

ለስላሳ ነው። ቀዝቃዛ። ጣቴ እስከ ጥፍሬ ገባ።

ሳነሳው ጉድጓድ ቀረ።

መቁጠር ጀመርኩ። አሥር... ሃያ... ሠላሳ...

አርባ ላይ ሞላ።

ከኋላዬ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። አልዞርኩም።

"ስንት ደረሰ?" አለች እትዬ በሹክሹክታ።

"አርባ።"

ከጎኔ መጥታ ቆመች። "አልቆጠርኩም" ያለችኝ እሷ እንዳልሆነች ሁሉ፣ ከወረቀቱ ጎን በክር የተንጠለጠለውን የድሮ እርሳሴን አንስታ ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት ተጠጋች።

ያኔ ነው ወረቀቱን ያየሁት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ባዶ ቀርቶ የነበረው የሠንጠረዤ ግርጌ ተሞልቷል። በእትዬ እጅ ጽሑፍ፣ በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ። ሃያ አምስት...

የመጨረሻው መስመር የዛሬ ጠዋት ነው።

"ሠላሳ ነበር" አለችኝ።

አርባ ብላ ጻፈችበት።

ከዚያ ሁለታችንም ቆመን አየን። ጣቴ የነበረበት ቦታ፣ ማንም ሳይነካው፣ በዝግታ እንደገና መጎድጎድ ጀመረ... እኔም ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ።

ስልሳን አለፍኩ። ጉድጓዱ አልሞላም።