ክሯን በጠሰች

ስሜ አመለወርቅ ነው። አመሌ ግን ወርቅ እንዳልሆነ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ሬዲዮ ያስጠገነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ይህን ታሪክ በለሰለሰ አንደበት እንድነግራችሁ አትጠብቁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ቢሆነኝን ያወቅሁት በተበላሸ አምፕሊፋየር ነው። የፊዚክስ መምህር ሆኖ ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም፣ ወደ እኛ ከተማ ተመድቦ የመጣ ረጅም ልጅ ነው። አባቱ የኔታ እንየው የድጓ መምህር ናቸው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ አምፕሊፋየሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሱቄ ገባ።

«ድምፁ ይቆራረጣል» አለኝ።

«ስንት ላይ አድርገኸው ነው?»

«መጨረሻው ላይ ነዋ! ሜታል ነው የምጫወተው።»

ከፈትኩት። ስፒከሩ ተቀዷል።

«ይሄ ለሮክ የሚሆን ነው» አልኩት። «ድምፅህን ትንሽ ሻከር ያደርግልሃል እንጂ ሜታል አይሸከምም። በውርንጭላ ላይ የበቅሎ ጭነት ነው የጫንክበት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ሰው አይቶኝ አያውቅም።

«ትጫወቻለሽ እንዴ?»

ከመደርደሪያው ጀርባ ጊታሬን አወጣሁና አሳየሁት። እውነቱን ልናገር፣ ያን ዕለት ነው የወደድኩት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣ፤ በየቀኑም ተጨቃጨቅን። እሱ ወፍራም ክር፣ ወደ ታች የወረደ ቅኝት፣ ድምፁን ሁሉ ግድግዳ የሚያደርግ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው ስገፋው የሚያለቅስ ቀጭን ክር ነው፤ ጠንክሬ ስመታው ብቻ የሚያጉረመርም አምፕሊፋየር ነው።

«ሮክ ላይ እያንዳንዱ ክር ስሙን ይናገራል» እለዋለሁ። «ያንተ ሜታል የአውድማ በሬ ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ ይረግጠዋል።»

«ካልተረገጠ እህሉ ከየት ይመጣል?» ይለኛል።

ከዚያ ዝም እንላለን። ያ ዝምታ ይጣፍጠኝ ነበር። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ አባቱ ሽማግሌ ሊልኩ ቀን ተቆረጠ።

ክሩ የተበጠሰው ይሄኔ ነው። ቢሆነኝ ለሜታሉ ብሎ ጊታሬን ወደ ታች ቃኘው። ቀጭን ክር ሲላላ እንደ እርጥብ ገመድ ይንዘላዘላል እንጂ ምን ድምፅ ይሰጣል? ተናደደ። ወደ ነበረበት ልመልሰው ብሎ ሲያጠብቀው ከልኩ አሳለፈው። ጧ!

የጊታር ክር እኛ ከተማ አይሸጥም። ስለዚህ ባሕር ዳር ላለው ጓደኛው ለሰውነት ደወለ። ለሮክ የትኛው ክር፣ ለሜታል የትኛው ፔዳል እንደሚስማማ ያስተማረው ሰውነት ነው፤ ራሴ በጠስኩት ቢለው ሊስቅበት ነዋ! የኔ ጀግና ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«አመለወርቅ ክሯን በጠሰች! አዎ፣ በጠሰችው! እኔማ ተይ ብያት ነበር!»

ከውስጥ ሆኜ ስሰማው ሳቅሁ። ትንሽ ውሸት ናት፣ ለኩራቱ ትሁነው ብዬ አለፍኳት። በመንገዱ ታልፍ የነበረችውን አክስቱን፣ ወይዘሮ ታደለችን፣ አላየኋትም።

በእኛ አገር «ክሯን በጠሰች» ከተባለ ማንም ጊታር አያስብም። የአንገቷን ማተብ በጠሰች፣ ሃይማኖቷን ካደች ማለት ነው።

ወሬው በደብረ ታቦር ዞሮ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ጋይንት ገባ። በሦስተኛው ቀን ከየኔታ መልእክት መጣ፤ ሽማግሌው ቀርቷል። እናቴ ሰው የሞተባት ይመስል ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ተቀመጠች። የንስሐ አባታችን መጡ። ከኋላቸው ግማሽ ሰፈር ተከትሏል።

«ልጄ፣ እስቲ አንገትሽን አሳዪንና ነገሩ ይብረድ።»

ክሬ አንገቴ ላይ ነው። ክርስትና ከተነሣሁ ወዲህ ወርዶ አያውቅም። አንድ ቁልፍ ብፈታ ያበቃ ነበር። ግን ያን ሁሉ ዓይን ሳይ እጄ እምቢ አለኝ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ አላሳይም» አልኳቸው። «ለገበያ የወጣሁ በግ አይደለሁም፤ አንገቴ አይዳበስም።»

ከሰዓት በኋላ ቢሆነኝ እየሮጠ መጣ።

«አመለ፣ አሳዪያቸው በቃ! አንድ ደቂቃ አይፈጅም እኮ።»

«አንተስ አንድ ደቂቃ የለህም?»

«ለምኑ?»

«‹ክሩ የጊታር ነው፤ የበጠስኩትም እኔ ነኝ› ለማለት!»

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ጊታር መጫወቴን አባቴ አያውቁም» አለ በመጨረሻ። «ድጓ ተምሬ ወንበራቸውን እንድተካ ነበር ምኞታቸው። አሁን ይህን ብነግራቸው...»

«ስለዚህ አንተ ጊታር ነካህ ከሚባል እኔ ካደች ብባል ይሻላል?»

ዝምታው እንደ ድሮው አልጣፈጠኝም። የተበጠሰውን ክር ጠቅልዬ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

«ስማ ቢሆነኝ፤ ታደለች በወሬ አማችኝ፤ አንተ ግን እያወቅህ ዝም አልህ። ይሄን ለአባትህ ውሰድላቸው። ካልሆነ ሱቄን አትርገጥ!»

አሥራ አንድ ቀን ጠፋ።

በአሥራ አንዱ ቀን ሬዲዮ ያስቀመጡ ሰዎች ሳይጠገን እየመጡ ወሰዱ። እኔም በቀሩት አምስት ክሮች ተጫወትኩ። እሱ ትቶት የሄደውን ፔዳል እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ የጠገንኩትን ስፒከር መልሼ ልቀድደው ምንም አልቀረኝም። ሜታል የገባኝ ያኔ ነው። ንዴት ለካ ወፍራም ክር ይፈልጋል። ይህን ደግሞ ቀድሞ ያወቀው እሱ ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ። ወድጄዋለሁ፤ ብይዘው ግን አንቀው ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የኔታ እንየው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጃችን ቆሙ። ቢሆነኝ ከኋላቸው ነው። እናቴ ወንበር ፍለጋ ተራወጠች። የኔታ ተቀመጡ፤ ከመሐረባቸው ውስጥ የተበጠሰውን ክር አወጡና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ይህን ልጄ እግሬ ሥር አምጥቶ ጣለው። ‹የበጠስሁት እኔ፣ የዋሸሁትም እኔ› አለኝ። ሳምንት ሙሉ አላናገርሁትም።»

«በጊታሩ ተናደው ነው?» አልኳቸው፤ አፌ መቼ ይዘገያል።

«በጊታሩም ተናድጃለሁ፤ እሱ ሌላ ነው። ያነደደኝ የሰው ልጅ ስም መንገድ ላይ ጥሎ መሄዱ ነው። ታደለችም ያወራችበት ደጅ ሁሉ ዞራ ቃሏን ታነሣለች፤ አዝዣታለሁ።» ግድግዳው ላይ ወደተደገፈው ጊታሬ ጠቆሙ። «ይህን ያህል ያጣላችሁን ድምፅ እስቲ አሰሚኝ።»

ቢሆነኝ ጓደኛው ሰውነት ከባሕር ዳር የላከውን አዲስ ክር አቀበለኝ። ቀጭኑን ነው ያመጣው፤ የኔን። ጊታሩ ላይ ለማሰር ጎንበስ ስል የሸሚዜ አንገት ተከፈተና ጥቁሩ ክሬ ወደ ውጭ ወጣ።

የኔታ ፈጥነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እሱን ለማየት አልመጣሁም» አሉ ቀስ ብለው።

እንባዬ መጣ። እንባዬ በመምጣቱም ተናደድኩ፤ ተናድጄም ጀመርኩ። ቢሆነኝን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ተጫወትኩ። የአሥራ አንዱን ቀን ንዴት ሁሉ እዚያች ቀጭን ክር ላይ አሳረፍኩት፤ ገፋኋት፣ ገፋኋት፣ አለቀሰች፣ እንደገና ገፋኋት።

ጧ!

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ ነኝ!» ቢሆነኝ ከበሩ ሥር ዘሎ ተነሣ። «እኔ ነኝ የበጠስኩት!»

ከጊታሩ ስድስት እርምጃ ርቆ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የኔታ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ተቀመጥ፣ አንተ ውሸታም!» አልኩት፤ ሳቄ አመለጠኝ። «ይሄኛውን የበጠስኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጉዳይ ገና አልተናገሩም። እናቴ ግን ነጠላዋን አቃንታ ለበሰች።