አሮጌው ፓምፕ ያወጣቸው ነገሮች

ደምሰው ሁልጊዜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ሥር ወዳለችው የፓምፕ ክፍል አምስቱን ደረጃ ይወርዳል። መብራቱን ሳያበራ ጥቂት ይቆምና የክሎሪኑን፣ የእርጥቡን ሲሚንቶና የጋለውን ሽቦ ሽታ ይስባል፤ ከዚያ የካቻቪቴውን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ አዳምጧል። ሐኪምም የበሽተኛ ደረት ያዳምጣል፤ ደምሰው ግን በሽተኛውን ይወደዋል።

ድምፁ ከተለወጠ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሞተሩ ያቃስታል፣ በዘንጉ በኩል ውሃ ይንጠባጠባል፣ ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ የሆነ ነገር ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይልና ዝም ይላል። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል ብሎ ደመደመ። እርግጥ ያለቀ ኩሽኔታ ሳያቋርጥ ይጮኻል እንጂ ሦስቴ አንኳኩቶ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው አያርፍም። ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ግን ለማንም አልተናገረም።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ፋናዬ ደረጃው አናት ላይ ሆነው ወደ ታች ተጣሩ። ጫማቸው እንዳይበላሽ ወደዚያ ክፍል ወርደው አያውቁም።

«ደምሰው፣ ይጠገናል ወይስ ይቀየራል? እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገረኝ። የልጆቹ የዋና ትምህርት ቅዳሜ መጀመር ነበረበት።»

«ኩሽኔታውን ቀይሬ የሞተሩን ሽቦ ባስጠቀልል ገና አሥር ዓመት ያገለግላል፣ እትዬ።»

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አሉ! አንተና ይሄ ብረት አብራችሁ ጡረታ ትወጣላችሁ።»

ሳቀ። ትምህርቱን ግን እሱም ይጠብቀው ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጁ ሶስና ተመዝግባለች፤ የዋና ልብሷን ትራሷ ሥር አድርጋ መተኛት ከጀመረች ሰነበተች። አባቷ ውሃውን እንደሚያጠራላት ቃል ገብቶላታል።

እስከዚያው ገንዳው ተዘግቷል። ውሃው እንደ አጃ ሾርባ ደፍርሷል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም እግሩን እንኳ አልነከረበትም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የፓምፑን ማጣሪያ ቅርጫት ሲከፍት፣ ከግራር ቅጠሉ መሀል አንድ የነሐስ የካፖርት ቁልፍ ማግኘቱ ትንሽ ገረመው። የዘበኛው የጋሽ ደበሌ እንደሆነ በቅርጹ ለይቶት ወሰደላቸው። ጋሽ ደበሌ ደረታቸውን ወደ ታች ዳሰሱ። አምስቱም ቁልፎች በየቦታቸው ነበሩ።

ማክሰኞ ራሳቸው ፈልገውት መጡ። «ያቺን ቁልፍ እስቲ አምጣት። አንዷ ዛሬ ተበጥሳ ጠፋችብኝ። ጠንቋይ ሆነህልኛል ልበል?» አሉ። አብረው ሳቁ፤ ቁልፏንም በሽቦ አሰረላቸው።

ረቡዕ ቅርጫቱ ውስጥ ያገኘው መቁጠሪያ ነበር። የእንጨት ፍሬዎቹ በውሃ አብጠዋል፤ ጫፉ ላይ ያለው ትንሽ መስቀል አንድ ክንፉ ተሰብሯል። ደምሰው ይዞት ብዙ ቆመ። ከግማሽ ሰዓት በፊት በር ላይ ጋሽ ደበሌን ሲጨብጣቸው ይኸው መቁጠሪያ፣ ከነተሰበረ መስቀሉ፣ የእጃቸው አንጓ ላይ ነበር። ወስዶ ሊያሳያቸው አሰበና ፈራ። ምን ብሎ ያሳያቸዋል? ሞተሩ ላይ አስጥቶ አደረቀውና ነገ እሰጣቸዋለሁ ብሎ ኪሱ ከተተው።

ሐሙስ በቀትር፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ከገንዳው በኩል ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ደበሌ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት በኩል በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ደምሰው ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ አወጣቸው፤ አልተረፉም። አንዱ አስተናጋጅ ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ሲሉ አዙሯቸው ነው አለ፤ ሌላው በዚህ ድፍርስ ውሃ ማን ፊቱን ይታጠባል አለ። አንጓቸው ባዶ ነበር፤ የመቁጠሪያው ፍሬዎች ምልክት ብቻ ቆዳቸው ላይ ቀርቷል። ደምሰው ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ሳለ ጭኑን ቀዘቀዘው። እጁን ኪሱ ሲሰድ ያ ትናንት ያደረቀው መቁጠሪያ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ቅርጫቱን ላለመክፈት ምክንያት ሲፈልግ ቆየ። ካቻቪቴውን ጠረገ፣ ደረጃውን ጠረገ፣ የጠረገውን መልሶ ጠረገ። ኋላ እየጸለየ ከፈተው። ቢጫ የፀጉር ጌጥ ነበር፤ ቢራቢሮ፣ አንድ ክንፏ የጎደለ።

ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያስታውሰውም። ሶስና ከትምህርት ቤት ለምሳ መጥታ እየበላች ነበር፤ ቢራቢሮዋም ጠዋት እናቷ ያደረገችላት ቦታ ላይ፣ ከነጎደለ ክንፏ ፀጉሯ ውስጥ ነበረች። ከነፀጉሯ ነጨው።

«አባዬ! ምን አደረግኩ?»

ጌጡን ወስዶ ሽንት ቤት ጉድጓድ ወረወረው። ከቅርጫቱ ያወጣውን ግን ጠራርጎ በወረቀት ጠቀለለና ኪሱ አኖረው። ያን ለመጣል አልደፈረም፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ልጁ ደህና ናት ማለት ነው።

«ይቀየር» አላቸው ለወይዘሮ ፋናዬ በዚያው ቀን።

«ምነው? ሊጠገን ነበር እኮ።»

«አይጠገንም። አልቋል።»

አሮጌውን ፓምፕ ራሱ ፈትቶ አወጣው፤ አሥራ አራት ዓመት በጨርቅ ሲወለውለው የኖረውን ብረት በመዶሻ ቀጥቅጦ ለቆራሌው ሰጠ። ቆራሌው እንኳ «ምን አድርጎህ ነው ጋሼ?» ብሎ ጠየቀው። አዲሱ በማግሥቱ ገባ። የሚሠራም አይመስልም፤ እንደ ተኛ ሕፃን ነው። በሳምንቱ ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ የወለሉ ሸክላ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ቅርጫቱ ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው፤ የግራር ቅጠል እንኳ የለበትም።

ትምህርቱ በተጀመረበት ቅዳሜ ሶስናን አላስገባም አለ። አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ሌሎቹን ስታይ ዋለች። በሁለተኛው ቅዳሜ እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ ቃል የገባኸው አንተ ነህ እኮ።»

ደምሰው ጠዋት ቅርጫቱን አይቷል፤ ባዶ ነው። ኪሱን ዳሰሰ፤ ወረቀቱ ደረቅ ነው። አስተማሪው አለ፣ ሃያ ልጅ አለ፣ ፀሐይ አለ። የራሱ ፍርሃት አሳፈረው። «እሺ፣ ግቢ» አላት፤ ስትሮጥ ሲያያት ከስንት ቀን በኋላ ልቡ ቀለለው።

አምስቱን ደረጃ ወረደ። ከላይ የልጆቹ ጫጫታና የአስተማሪው ፊሽካ ይሰማል። ካቻቪቴውን አዲሱ ፓምፕ ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ አንዳች እንከን የለውም። ተመስገን አለ። ቀና ሊል ሲል፣ እንዲሁ በልማድ፣ ጫፉን ከገንዳው በሚወርደው ቧንቧ ላይ አሳረፈው።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዝም።

ኩሽኔታው አልነበረም። ፓምፑም አልነበረም፤ የሚያንኳኳው ከገንዳው ነው። ያ አሮጌ ብረት የሚያውቀውን እያወጣ ያሳየው ነበር እንጂ ከማንም ምንም አልወሰደም፤ አዲሱ ደግሞ ምንም አያሳይም። ደምሰው ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረ፤ ላይ ፊሽካው ደጋግሞ ይነፋል፣ የልጆቹ ጫጫታ ግን የለም፤ እጁን ወደ ኪሱ ሳይሰድም ጭኑን ቀዘቀዘው።