ከእናቷ ድምፅ ጎን

«ምረጪ እንጂ! ወይ ቀላሉን ወይ ፈጣኑን!» አለ ቱርቦ፣ ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ እያስጠጋ። ቱርቦ ላፕቶፑ ፊት የተቀመጠችው ልጅ ጎረቤት ነው፤ የክፍሏ ልጅም ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ሲያወራ ትንፋሽ አይወስድማ።

እሷን ደግሞ «ኢንጂነሯ» ይሏታል። ማዕረጉን ያገኘችው የትምህርት ቤቱ ፕሪንተር እምቢ ያለ ጊዜ ነው። መምህራኑ ከበውት ሲጨነቁ እሷ ገመዱን ነቀለችና መልሳ ሰካችው። ሠራ። በቃ፣ ይኸው ነው ምህንድስናዋ። ከዚያ ወዲህ ግን የማንም ስልክ ሲበላሽ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷም «አላውቅም» ማለትን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች።

ቅዳሜ ነው፤ እናቷ የልጅቷ አክስት ጋ ሄዳለች። የዛሬው ጣጣ የመጣው በጌም ነው። አዲሱ የመኪና እሽቅድምድም በዚህ የእናቷ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት መኪናው እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል። ዊንዶውሱ ከብዶታል። ቱርቦ ታዲያ ዘዴ አመጣ፤ ሊኑክስ የሚባለውን ሁለተኛ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከነባሩ ጎን መጫን። ላፕቶፑ ሲበራ «የቱን ልክፈት?» ብሎ ይጠይቃል። ለጌም አዲሱን፣ ለእናቷ ሥራ ነባሩን። ሁለት ዓይነት በፍላሽ ገልብጦ ይዞ መጥቷል። አንደኛው ለጀማሪ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱን ነገር እየጠየቀና እያስረዳ ይጭናል። ሌላው ለጌም ተብሎ የተሠራ፣ ፈጣን፤ የሚጭነው ሰው ሁሉን ያውቃል ብሎ ስለሚያስብ ግን ማስረዳት አይወድም።

ነባሩን መንካት አይቻልም። እናቷ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍት እያነበበች በድምፅ ትቀዳለች። ቁም ሣጥኑን ትከፍትና ከተሰቀሉት ካፖርቶች መሃል ገብታ ማይክሮፎኑ ላይ ታነባለች፤ ልብሱ የመንገዱን ጩኸት ይውጥላታል። አንድ ሰው በር ካንኳኳ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ትደግማለች። አሁን የያዘችው የባዮሎጂ መጽሐፍ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። የተማሪዎቹ ፈተና ደርሷል። ለትምህርት ቤታቸው የምታስረክበው መጽሐፉ ሲያልቅ ስለሆነ እስካሁን የቀዳችው ሁሉ ያለው እዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው።

«ቀላሉ ይሻላል» ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

«ቀላሉማ የፋራ ነው» አለ ቱርቦ። «አንቺ ደግሞ ምን ያስፈራሻል? ኢንጂነር አይደለሽ?»

«ማን ፈራ? ፈጣኑን ስካው!»

ቱርቦ ፍላሹን ሰካ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስክሪኑ ላይ ባለ ብዙ ቀለም አግድም መስመር መጣ፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። የቱ ቀለም የእናቷ ፋይል ያለበት፣ የቱ ደግሞ ባዶ ቦታ እንደሆነ አልገባትም። ፊቷ ጋለ።

«ገባሽ?» አለ ቱርቦ።

«ምን የማይገባ ነገር አለው?» አለችና ትልቁን ቁልፍ ተጫነች። ረጅም ማስጠንቀቂያ መጣ። ቱርቦ ጣቷን እያየ ነው። አንብባ ሳትጨርስ «እሺ» የሚለውን ነካች።

ተጭኖ ሲያልቅ፣ እውነት ለመናገር ጌሙ በረረ! መኪናው መታጠፊያውን ሲበላው ሁለቱም ጮኹ፤ ቱርቦማ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ልጅቷ ጠግባ ከተጫወተች በኋላ የእናቷን ነባር ዊንዶውስ ልትከፍት ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው። የቱን ልክፈት ብሎ አልጠየቀም። በቀጥታ አዲሱ ተከፈተ። ደገመችው። ያው።

ቱርቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ከጎኑ አይደለም የጫንሽው። ዲስኩን በሙሉ ነው ያጸዳሽው።»

ላፕቶፑን ለሦስተኛ ጊዜ አጥፍታ አበራችው። እሱም «እናቴ ጠራችኝ መሰለኝ» ብሎ ወጣ። ማንም አልጠራውም ነበር።

እናቷ ከአክስትየዋ ቤት ስትመለስ፣ ልጅቷ እነግራታለሁ ብላ ወስና ነበር። እናትየው ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ላፕቶፑን ከፈተችው።

«እናትዬ፣ ይሄ ነገር መልኩ ተለወጠብኝ እኮ!»

ልጅቷ ያዘጋጀችውን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ሌላ ነው። «ትናንት ላፕቶፑ አሻሽል ሲልሽ እሺ ብለሽዋል እንዴ?»

እናቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ብያለሁ መሰለኝ… አዎ፣ ስቸኩል ነክቼዋለሁ። ወይኔ ጉዴ! የቀዳሁትስ?»

«ጠፍቷል።» ከተናገረችው ሁሉ እውነቱ ይቺ ብቻ ነበረች።

እናቷ ትጮሃለች፣ ላፕቶፑን ትረግማለች ብላ ጠበቀች። እናትየው ግን የልጇን ትከሻ ዳበስ አደረገች። «ያንቺም የትምህርት ሥራ ነበረበት አይደል? ሳላውቅ ነካክቼ አጠፋሁብሽ። ይቅር በዪኝ የኔ ልጅ።»

«ምንም አይደል» አለች ልጅቷ። እሷ እናቷን ይቅር ማለቷ ነው እንግዲህ! ቃሉ ከአፏ ሲወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የመቅጃ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ስትጭንላት ደግሞ እናቷ «አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። የተሳመችበት ቦታ አቃጠላት።

እናቷ ንባቡን ለምታስረክበው ትምህርት ቤት ኃላፊ ደወለች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ልጅቷ ሁሉንም ሰማች። «በእኔ ጥፋት ነው፤ አዎ፣ አርጅቻለሁ መሰለኝ… ለፈተናው እንዲደርስ ቀን ከቀን እቀዳለሁ፣ ልጆቹን አላስቀርም።» ከዚያ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፤ «ምዕራፍ አንድ» የሚለው ድምፅ ከካፖርቶቹ መሃል ተሰማ። በየቀኑ ከሥራ እንደገባች እዚያው ነበረች። ድምፁ መጀመሪያ ሻከረ፤ ቀጥሎ በየመሃሉ ይቋረጥ ጀመር። ሳል፣ ውሃ፣ እንደገና ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ። ልጅቷ የቤት ሥራዋን ይዛ ወጥ ቤት ብትገባም ሳሉ ተከትሏት ይመጣል።

ትምህርት ቤት «ኢንጂነሯ!» ሲሏት አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ቱርቦ በእረፍት ሰዓት ተጠጋት።

«ነገርሻት?»

«ዝም በል።»

«ዝም ብያለሁ እኮ» አለ፤ መሬት መሬቱን እያየ። «ፋራ ያልኩሽ ግን እኔ ነኝ።»

ይህን ማለቱ ያጽናናት ነበር፤ አላጽናናትም። ቁልፉን የተጫነው የእሷ ጣት ነው፤ በእናቷ ላይ ያላከከው ደግሞ የእሷ አፍ። ይህን ስታስብ በራሷ አፈረች፣ ክፉኛ አፈረች።

ያን ዕለት ከሰዓት እናቷ ላፕቶፑን አቅፋ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆኗል።

«እስቲ ያኔ የነካሁትን አሳዪኝ። መንካት ሁሉ እየፈራሁ ነው። እየቀዳሁም እሱን ነው የማስበው፤ እንደገና ባጠፋውስ እያልኩ። የቱ ጋ እንደሆነ ካወቅሁ አልደርስበትም።»

መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ልጅቷ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። ጥግ ላይ ምንም ያላጠፋች አንዲት ትንሽ ምልክት ነበረች፤ እሷን ብታሳያት ያልቃል። እናቷ አምና ትሄዳለች፤ ዕድሜ ልኳን ያችን ምልክት እየፈራች ትኖራለች።

«እዚህ ጋ…» አለችና ቆመች።

እናቷ እንዳትረሳው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጠብቃለች።

ልጅቷ ጣቷን መለሰች። «ምንም አልነካሽም እማዬ።»

«ኧረ ነክቻለሁ። አሻሽል ሲለኝ…»

«እሱ አይደለም ያጠፋው።» ወንበር ሳበችላት። ቀና ብላ አየቻት። «ቁጭ በዪ። ቅዳሜ አንቺ አክስቴ ጋ ስትሄጂ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ።»